ስለ ዛፍ እንቁራሪት የመስተዋት ቤት አሠራር

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በአንድ የክረምት ጧት ከቤታችን ጓሮ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ይዤ በማርማላት ጠርሙስ ውስጥ አኖርኋት። እንዳይርባት ብዬ ሦስት ዝንብ፥ እንዳይጠማት ብዬ አንድ ማንኪያ ውኃ፥ እንዳይከፋት ብዬ ደግሞ ጥቂት ሣር ጨመርሁላት፤ አየር እንድታገኝም ክዳኑን በምስማር ቀዳዳሁት። ከዚያም ብርሃን ይሻላታል በማለት ጠርሙሱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ እናቴ ወደ ላከችኝ ገበያ ሄድሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ስመለስ እንቁራሪቷን ሞታ አገኘኋት። እናቴም አይታ፥ «ምን በደለችህ ልጄ?» አለችኝ እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔ ግን ምግብም ውኃም አየርም ሰጥቻት ሳለ በምን ምክንያት እንደ ሞተች ሊገባኝ ስላልቻለ ነገሩ ብዙ ቀን ከልቤ አልወጣም።

መልሱን ያገኘሁት ኮሌጅ ገብቼ ስለ እንስሳት አካል አሠራር መማር ከጀመርሁ በኋላ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስተዋት ውስጥ አልፎ ይገባል፤ በውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ ያሞቃል፤ የሞቀው አየር ግን በምስማር በተበሱ ቀዳዳዎች ወጥቶ ሊያልቅ አይችልም። ስለዚህ በመስኮት ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከውጭው አየር እጅግ ይበልጥ ይሞቃል። እንቁራሪት ደግሞ እንደ ሰው የራሷ የሆነ የተወሰነ የገላ ሙቀት የላትም፤ የምታገኘው ሙቀት የአካባቢዋ ነው። ሲበዛባት ወደ ጥላ ትሄዳለች፤ ሲያንሳት ወደ ሞቃት ስፍራ ትጠጋለች። በዚያች ጠርሙስ ውስጥ ምግብና ውኃ ነበረ፤ የምትሸሽበት ጥላ ግን አልነበረም።

በልዩ ልዩ አገር የዛፍ እንቁራሪቶችን በቤትና በትምህርት ቤት ማኖር የተለመደ ሆኗል። በአገራችን ነገሩ ገና እንግዳ ቢሆንም፥ ሕያው እንስሳ እያዩ ለመማር የሚሹ ተማሪዎችና መምህራን መኖራቸው የማይቀር ስለ ሆነ፥ ለእነርሱ ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት እንዲህ ያለው ቤት እንዴት እንደሚሠራና ለምንስ እንዲያ እንደሚሠራ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመስተዋቱ ቤት አጀማመር

ሊቃውንት ቴራሪየም ብለው የሚጠሩት የመስተዋት ቤት የተገኘው ለእንስሳ ታስቦ አይደለም፤ እንዲያውም የተገኘው ሳይታሰብ ነው። ናትናኤል ባግሾ ዋርድ የሚባል የሎንዶን ሐኪም በ1829 አንድ የእሳት እራት ከተሸፈነችበት ሽፋን ስትወጣ ለማየት ፈልጎ፥ ሽፋኗን በእርጥብ አፈር ላይ አድርጎ በመስተዋት ጠርሙስ ውስጥ ዘጋት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያላሰበው ነገር ታየው፤ ይኸውም ከአፈሩ ውስጥ ፈርን የተባለው ተክልና አንድ ሣር በቀሉ። ሐኪሙ ይህንኑ ፈርን በአትክልት ስፍራው ሊያበቅል ብዙ ጊዜ ሞክሮ በከተማው የከሰል ጢስ ምክንያት አልሆነለትም ነበር። በጠርሙሱ ውስጥ ግን ቀን ከአፈሩ የሚተነው ውኃ በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ተመልሶ ወደ አፈሩ ስለሚወርድ፥ ጢሱም ስለማይገባ፥ ተክሎቹ ማንም ሳያጠጣቸው አራት ዓመት ያህል ኖሩ። የሞቱትም ክዳኑ ዝጎ የዝናብ ውኃ በገባ ጊዜ ነው።

ዋርድ በ1833 ሁለት እንዲህ ያሉ ሣጥኖች የእንግሊዝ ተክል ሞልቶ በመርከብ ወደ ሲድኒ ላከ፤ ተክሎቹም ደኅና ደረሱ። ሣጥኖቹ ሲመለሱ በአውስትራልያ ተክሎች ተሞልተው ነበር፤ እነርሱም ከብዙ ወር ጉዞ በኋላ አረንጓዴ እንደ ሆኑ ሎንዶን ገቡ። ከዚያ ወዲያ ከሻይ ጀምሮ ብዙ ዓይነት ተክል ከአገር ወደ አገር የተሻገረው በእነዚህ ሣጥኖች ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለወሬ ብቻ አይደለም። እንስሳ ማኖር የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው የዋርድን ጠርሙስ ለእንስሳ እንደ ወረደ በመውሰዱ ነው። ለፈርን የተዘጋ ቤት ይበጀዋል። እንቁራሪት ግን ትተነፍሳለች፥ ትበላለች፥ ታራለችም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ አየሩ ይበላሻል፥ ሻጋታ ይወጣል፥ ከዓይነ ምድሯ የሚወጣው አሞንያም ተመልሶ በቆዳዋ ይገባል።

ስለ ቆዳዋ

የእንቁራሪትን ቆዳ ነገር ያላወቀ ሰው ቤቷን ሊሠራ አይችልም። እንቁራሪት ውኃ በአፏ አትጠጣም። በሆዷ ታችና በጭኖቿ መካከል ያለው ቆዳ በጣም ስስና በደም ሥር የተሞላ ስለ ሆነ፥ በእርጥብ ነገር ላይ ስትቀመጥ ውኃው በዚያ በኩል ወደ ሰውነቷ ይገባል። ከምትተነፍሰውም አየር ከፊሉ የሚገባውና የሚወጣው በዚሁ ቆዳ ነው። ስለ ሆነም በቆዳዋ ላይ ያረፈ ነገር ሁሉ፥ የሳሙና ርዝራዥም ቢሆን፥ የተባይ መድኃኒትም ቢሆን፥ የሰው እጅ ላብና ቅባትም ቢሆን፥ ወደ ደሟ የሚገባበት መንገድ አለው።

ምሳሌ አድርጌ የምወስዳት በሰሜንና በምሥራቅ አውስትራልያ እንዲሁም በኒው ጊኒ ደቡብ የምትኖረውን አረንጓዴዋን የዛፍ እንቁራሪት ነው። በሰው እጅ ከሚኖሩት የዛፍ እንቁራሪቶች ሁሉ ይህች በብዙ አገር የታወቀች ናት። እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ታድጋለች፤ በሚገባ ከተያዘች ከ15 ዓመት በላይ ትኖራለች። ይህ ማለት አንድ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የተረከባት እንቁራሪት ዩኒቨርሲቲ ሲጨርስ ገና አብራው ትሆናለች ማለት ነው፤ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። ስለ እርስዋ በመጽሐፍ የጻፈው በአዲሱ የእንግሊዝ ሰፈር የነበረው ሐኪም ጆን ዋይት ሲሆን መጽሐፉ የታተመው በ1790 ነው። የላቲን ስሟ ግን «ሰማያዊ» ማለት ነው። እንቁራሪቷ አረንጓዴ ሆና ሳለች ሰማያዊ የተባለችበት ምክንያት፥ የእንቁራሪት አረንጓዴነት ከሰማያዊ ነጸብራቅና በላዩ ካለው ብጫ ቀለም ተደባልቆ የሚገኝ በመሆኑ ነው፤ እንዳትበሰብስ የተነከረችበት አልኮል ብጫውን ቀለም ሲያጠፋው ሰማያዊው ብቻ ቀረ።

ይህች እንቁራሪት የምትኖርበት አገር ሁልጊዜ ዝናብ የሚጥልበት አይደለም። ረጅም የበጋ ወራት አሉት። ታዲያ ያን ጊዜ ውኃ ከየት ታገኛለች? በ2011 የታተመ አንድ ምርምር የሚያስደንቅ ነገር ገልጧል። በቀዝቃዛ የበጋ ሌሊት እንቁራሪቷ ከዛፉ ዋሻ ወጥታ በሜዳ ላይ ትቀመጣለች፤ ገላዋ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወደ ሞቃቱና እርጥበት ወዳለው ዋሻ ስትመለስ ጤዛ በቆዳዋ ላይ ያርፋል፤ ያንኑም ትጠጣዋለች። መነጽር ያደረገ ሰው በብርድ ቆይቶ ወጥ ወደሚሠራበት ቤት ሲገባ መነጽሩ እንደሚሸፈንበት ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው፥ ይህች እንቁራሪት የምትፈልገው ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠብ ቤት ሳይሆን፥ በአንድ በኩል እርጥብ በሌላ በኩል ደረቅ፥ በአንድ በኩል ሞቃት በሌላ በኩል ቀዝቀዝ ያለ፥ መርጣ የምትቀመጥበት ቤት መሆኑን ነው። የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 70 በመቶ ቢሆን ይበቃታል፤ ማታ ሲረጭ ከዚያ ከፍ ይላል፥ ቀን ተመልሶ ዝቅ ይላል።

ቤቱን ስለ መሥራት

ለሁለት ያደጉ እንቁራሪቶች ወርዱ 45፥ ጐኑ 45፥ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ቤት ከዚያ ባያንስ ደግ ነው። ለዓሣ የሚሠራው ዝቅ ያለና ረዘም ያለ ሣጥን ለእነዚህ አይስማማም፤ የዛፍ እንቁራሪት መንገዷ ወደ ላይ ነውና ቁመት ትሻለች። በሩ ከፊት ለፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከላይ እጁን የሚሰድድ ሰው ለእንቁራሪት እንደ ጭልፊት ስለሚታያት ትደነግጣለች። ጣሪያው ደቃቅ የሽቦ ወንፊት ይሁን፤ በታችኛውም ወገን በአንድ ጐን የወንፊት መስኮት ቢኖረው አየሩ ከታች ገብቶ በላይ ይወጣል። በአንድ በኩል ብቻ የተከፈተ ቤት አየሩ አይንቀሳቀስም። መስተዋቱ የተጣበቀበት ሙጫ በሚገባ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እንስሳ አይገባበትም።

በር በሚገባ መግጠሙን ሰው ሁሉ ያቃልለዋል። የእንቁራሪቷ ጣቶች ጫፍ ክብና ሰፊ ነው፤ ፊቱ እንደ ንብ እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ጥቃቅን ክፍሎች የተነጠፈ ሲሆን፥ በመካከላቸው ባለው ቦይ ውስጥ ቀጭን ፈሳሽ ይሄዳል። ሁለት እርጥብ ብርጭቆዎች ተደራርበው ሲጣበቁ እንደምናየው፥ ይህ ፈሳሽ ጣቷን በለሰለሰ መስተዋት ላይ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ግድግዳው ለእርስዋ መንገድ ነው፤ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ካገኘች ሌሊቱን ስትገፋው ታድራለች። በማግሥቱ ከቁም ሣጥን በስተኋላ አቧራ ለብሳ ደርቃ ትገኛለች።

ከወለሉ ላይ በመጀመሪያ አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የታጠበ ጠጠር ይነጠፋል፤ በላዩም ውኃ የሚያሳልፍ አፈር ግን የማያሳልፍ ደቃቅ መረብ ይዘረጋል። የሚረጨው ውኃ ትርፉ ወደዚህ ስለሚወርድ አፈሩ ጭቃ አይሆንም። ከመረቡ በላይ ማዳበሪያም ሆነ የተባይ መድኃኒት ያልነካው አፈር፥ ወይም የተፈጨ የኮኮናት ቃጫ፥ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይደረጋል። ጠጠሩ በምንም ምክንያት ወደ ላይ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህች እንቁራሪት የምትበላውን ስታነጣጥር ለጥንቃቄ ግድ የላትም፤ ፌንጣውን ከነጠጠሩ ትውጠዋለች፥ ጠጠሩም አንጀቷን ዘግቶ ይገድላታል። በብዙ መደብር ለጌጥ የሚሸጠው ባለ ቀለም ጠጠር ለሻጩ ካልሆነ በቀር ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

በውስጡ የሚቆሙት ቅርንጫፎች ውፍረታቸው ከእንቁራሪቷ ወገብ ቢያንስ እኩል ይሁን፤ አንዳንዱ ቀጥ ብሎ፥ አንዳንዱ ዘመም ብሎ፥ አንዱም ከመብራቱ ራቅ ብሎ አግድም ይቁም። ሙጫ የሚያወጣና ሽታው የሚከረፋ እንጨት፥ ለምሳሌ ጥድና ባሕር ዛፍ፥ ባይገባ ይሻላል። የቡሽ ዛፍ ልጣጭ ወይም የጐደጐደ ግንድ ለመደበቂያ ያስፈልጋል፤ ሌሊት የምትሠራ እንስሳ ቀን የምትተኛበት ጨለማ ካላገኘች ትታመማለች። ተክል በሚመረጥበት ጊዜ ጠንካራውን መምረጥ ነው። ከባድ እንስሳ ስለ ሆነች ስስ ቅጠል በአንድ ሌሊት ትሰባብረዋለች። በየሳሎኑ የሚንጠለጠለው ቅጠሉ እንደ ልብ የሆነው ሐረግ ይችላታል፤ ትናንሽ የፋይከስ ዓይነቶችም እንዲሁ።

የውኃው ሳሕን ሰፊና ጥልቀቱ እንቁራሪቷ ተቀምጣ ከትከሻዋ የማያልፍ ይሁን። የዛፍ እንቁራሪት መልካም ዋናተኛ አይደለችም። ውኃው በየቀኑ ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ የምታራው በዚያ ስለ ሆነ ይህን ሥራ ለነገ ማለት አይቻልም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለበት፤ ለሰው ጤና የተጨመረው ይህ መድኃኒት ለእንቁራሪት ቆዳ ጐጂ ነው። አፉ በሰፋ ዕቃ ቀድቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ክፍት አድርጎ ቢያሳድሩት ክሎሪኑ በንኖ ይሄዳል። በአንዳንድ አገር ግን በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን ይጨምራሉ፤ ይህኛው በማሳደር አይለቅምና ልዩ ማጣሪያ ጠብታ ይፈልጋል። ተጣርቶ ማዕድኑ በሙሉ የወጣለት ንጹሕ ውኃ ለመርጨት እንጂ ለሳሕኑ አይሆንም፤ ጨው የሌለበት ውኃ ከገላዋ ጨው ይስባል።

ሙቀትና ብርሃን

ቀን ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ ሌሊት ከ20 ዲግሪ ብዙ ሳይወርድ፥ ልኩ ይህ ነው። ቴርሞሜትሩ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከላይ በሞቃቱ ወገን፥ አንዱ ከታች በቀዝቃዛው። በእጅ ዳስሶ «ሞቋል» ማለት ሙቀት መለካት አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች፥ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ አየሩም ደረቅ ነው። ስለዚህ ማሞቂያ የግድ ነው። ብርሃን የሌለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ከወንፊቱ ጣሪያ በላይ፥ ከቤቱ ውጭ፥ ሙቀቱን ራሱ ከሚቈጣጠር መሣሪያ ጋር ይሰቀላል። አምፖልም ሆነ ማሞቂያ ከውስጥ መግባት የለበትም፤ እንቁራሪት የሚያቃጥል ነገር ላይ ዘላ ተጣብቃ ስትቀር አይታለች። መብራት ቢጠፋ ቤቱን በጋቢ ሸፍኖ፥ ለብ ያለ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጐኑ ማስደገፍ እስኪመጣ ድረስ ያቆያል። ወንፊቱን በሙሉ መሸፈን ግን ተገቢ አይደለም።

ብርሃኑ ቀን 12 ሰዓት፥ ጨለማውም 12 ሰዓት ሊሆን ይገባል፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ደካማ የአልትራ ቫዮሌት መብራት ማብራት ይጠቅማታል፤ በዚህ ብርሃን ቆዳዋ ቪታሚን ዲ ይሠራል፥ ያም ካልሲየም ወደ አጥንቷ እንዲገባ ያደርጋል። ፀሐይ በመስኮት ትገባለች ብሎ ይህን መተው ግን ስሕተት ነው። የመስኮት መስተዋት ይህን ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ ሙቀቱን ግን ያሳልፋል። በልጅነቴ በመስኮቱ ላይ ያስቀመጥሁት ጠርሙስ የጠቀመውን ወስዶ የሚጐዳውን ያስገባ ኖሯል።

ስለ ምግቧ

የምትበላው የሚንቀሳቀሰውን ነው፤ የሞተ ነገር በፊቷ ቢከመር አታየውም። ዋነኛው ምግቧ በሌሊት የምትጮኸው ጥቁር ፌንጣና ለምግብ ተብሎ የሚራባ በረሮ ሲሆን፥ አልፎ አልፎ የመሬት ትልም ይሰጣታል። የአንዱ ነፍሳት ርዝመት በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት ባይበልጥ ይመረጣል። ከመንገድ ዳር ወይም የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት እርሻ የተያዘ ነፍሳት መርዙን ይዞ ስለሚመጣ፥ ነፍሳቱንም በቤት ማርባት ሳይሻል አይቀርም። ይህ ለብዙ ሰው ከእንቁራሪቷ ይልቅ የሚከብድ ሥራ ነው፤ የማያስደስተው ሰው ቀድሞ ይወቀው።

ፌንጣ በራሱ የተሟላ ምግብ አይደለም። በውስጡ ያለው ፎስፎረስ ከካልሲየሙ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፥ ፌንጣ ብቻ የምትበላ እንቁራሪት ካልሲየሙን ከአጥንቷ እየወሰደች ትጨርሰዋለች። በመጀመሪያ መዝለል ይሳናታል፤ ከዚያ መንጋጋዋ ይለሰልሳል፥ ጀርባዋ ይጐብጣል። ስለዚህ ፌንጣው ከመሰጠቱ በፊት አንድ ቀን ጐመንና ካሮት ይበላል፤ በሚሰጥበትም ጊዜ ካልሲየምና ቪታሚን ባለበት ነጭ ዱቄት ይታሸል። ቪታሚን ኤ የጐደላት እንደ ሆነ ደግሞ ምላሷ የሚያጣብቀውን ፈሳሽ ያጣል፤ እንቁራሪቷ ታነጣጥራለች፥ ትወረውራለች፥ ነገር ግን ምንም ሳትይዝ ትቀራለች። ባለቤቱም የምግብ ፍላጎቷ የጠፋ ይመስለዋል።

ለታዳጊዋ በየቀኑ፥ ላደገችው ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ምግብ ይበቃል። ይህች እንቁራሪት ጠግቤአለሁ አታውቅም፤ ከዓይኖቿ በላይ ያለው እጥፋት አብጦ ዓይኗን መሸፈን ከጀመረ ባለቤቱ በፍቅር እየገደላት ነው። የእኛ ሰው እንግዳን «ብላ፥ ብላ» ማለት ልማዱ ነውና ይህን ምክር መቀበል ይከብደን ይሆናል።

በእጅ ስለ መንካት አጭር ነገር እናገራለሁ። ለመታየት እንጂ ለመታቀፍ የተፈጠረች አይደለችም። ቤቷን ለማጽዳት ማንሣት ግድ ቢሆን እጅን ያለ ሳሙና በብዙ ውኃ አለቅልቆ፥ ወይም እርጥብ ጓንት አጥልቆ ነው፤ ከነኩ በኋላ ግን በሳሙና መታጠብ ያሻል፥ እንቁራሪቶች ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የተባለ ጀርም ይይዛሉና። ከቆዳዋ የሚወጣው ፈሳሽም ተራ ነገር አይደለም። በ1967 ሊቃውንት ከዚህ ፈሳሽ ሴሩሊን የተባለ ነገር ለይተው አወጡ፤ እርሱም የደም ግፊትን የሚቀንስና ሐሞት ከረጢትን የሚያኰማትር ሆኖ ተገኘ።

ስለ ገዳዩ ፈንገስና ስለ አገራችን እንቁራሪቶች

እስካሁን የተናገርሁት ስሕተት ቢፈጸም የሚሞተው በቤቱ ውስጥ ያለው እንስሳ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ከቤቱ ውጭ ላሉትም ይተርፋል።

በዋሽንግቶን ከተማ በሚገኘው የአራዊት ማኖሪያ ውስጥ በመስተዋት ቤት ይኖሩ የነበሩ ትናንሽ እንቁራሪቶች መሞት ጀመሩ፤ ከአንዲት ሰማያዊ እንቁራሪት ቆዳም አንድ ፈንገስ ተገኘና በ1999 ስም ወጣለት። ይኸውም ባትራኮኪትሪየም የሚባለው ነው። በውኃ ውስጥ እየዋኘ ከቆዳ ወደ ቆዳ ይሄዳል። እንዴት እንደሚገድል የታወቀው በ2009 ሲሆን፥ ምርመራው የተደረገው በዚህችው በአረንጓዴዋ የዛፍ እንቁራሪት ላይ ነው፤ ፈንገሱ ቆዳዋን ሲያበላሸው ጨው ከደሟ ያንሳል፥ በመጨረሻም ልቧ ይቆማል። በ2019 የወጣ ጥናት በዚህ በሽታ ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና የዘመዶቿ ዓይነቶች እንደ ተመናመኑ፥ ከእነዚህም ውስጥ 90 የሚሆኑት ፈጽመው እንደ ጠፉ ይገምታል። በሽታው በዓለም እንዲህ የተሠራጨው በአብዛኛው ሰው እንቁራሪትን ከአገር ወደ አገር በማዘዋወሩ ነው። የዋርድ ሣጥን ሻይን እንዳሻገረ፥ ልጁ የሆነው የመስተዋት ቤት ሞትን አሻግሯል።

ኢትዮጵያ ከዚህ ነጻ አይደለችም። በ2012 በታተመ ጥናት ይህ ፈንገስ በአገራችን ደጋ በብዙ ስፍራና በብዙ ዓይነት እንቁራሪት ላይ ተገኝቷል፤ በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኙ ዓይነቶች እየተመናመኑ መሆናቸውንም በማግሥቱ ዓመት የወጣ ጽሑፍ አስታውቋል። በአገራችን ከ60 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዓይነቶች ሲኖሩ፥ ከሲሶው የሚበልጡት በሌላ አገር የሉም። ከእነርሱም መካከል አንዲቱ በእንሰት ላይ ስለምትኖር የላቲን ስሟ ከእንሰት የተወሰደ ነው። ሌላዪቱ፥ ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የምትባለው፥ ዘመዶቿ የዛፍ እንቁራሪቶች ሆነው ሳለ እርስዋ በደጋ ሣር ውስጥ መሬት እየቈፈረች የምትኖር ናት፤ እንቁላሏንም በአፈር ውስጥ ትቀብራለች። ስሟን ብቻ አይቶ ቅርንጫፍ የሚያቆምላት፥ በ27 ዲግሪ የሚያሞቃት ሰው ለሌላ እንስሳ ቤት ሠርቷል። ይህችን የምናውቃት በዱር ስትኖር ስለ ታየች ነው፤ ጆሮውን የሚሰጥ ሰው ክረምት ሲገባ በሜዳው ጥግ ድምፅዋን ይሰማታል፥ ለዚህም መስተዋት አያስፈልገውም።

ስለዚህ በቤት የሚኖር እንቁራሪት በሰው እጅ ከተራቡት እንጂ ከዱር የተያዘ እንዳይሆን እመክራለሁ፤ የአገራችንን የዱር እንስሳት መያዝ ደግሞ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለ ሥልጣን ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው። አዲስ የመጣች እንቁራሪት ከሌሎቹ ጋር ከመደባለቋ በፊት በሌላ ክፍል፥ ባዶ ወረቀት በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር ለብቻዋ ትቆያለች፤ የራሷ ሳሕን፥ የራሷ መርጫ፥ የራሷ ወረንጦ ይኖራታል። በየቀኑ መጀመሪያ የሚጐበኙት የቆዩት ናቸው፥ አዲሲቱ በመጨረሻ።

ከሳሕኑ የሚወጣው ውኃ በሣር ላይ ወይም በዝናብ ቦይ አይደፋም። ጥቂት በረኪና ጨምሮ አንድ ሰዓት ካቆዩት በኋላ በመጸዳጃ ቤት ይደፋል። የተጣለው አፈርና የደረቀው ቅርንጫፍ የፈላ ውኃ ይፈስስበታል፥ ወይም በፀሐይ ላይ ፍጹም እስኪደርቅ ይሰጣል። ቤቱ ሲታጠብ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተደባልቆ፥ ከዚያም ሽታው እስኪጠፋ ብዙ ጊዜ እየተለቀለቀ ነው። ማኖር የሰለቸው ሰው እንስሳዋን ለሚያኖራት ሰው ይሰጣል እንጂ ወንዝ ዳር ወስዶ አይለቃትም።